በደጅ የቆመች እንስራ

አንድ ሰው ቤት ሊሠራ ወይም ሊከራይ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ክፍሎቹ ስንት ናቸው? ጣራው ክረምቱን ይችላልን? ግቢው ለልጆች መጫወቻ ይበቃልን? ውኃ ቅርብ ነውን? ትምህርት ቤቱ፥ ገበያው፥ ወፍጮውና ጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃሉ? እነዚህ መልካም ጥያቄዎች ናቸው። ልጆቹን የሚወድ አባትና ቤቷን የምታስተዳድር እናት ሊጠይቋቸው ይገባል። ነገር ግን ከእነርሱ ጋር አብሮ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ብዙ ጊዜ ግን የሚዘነጋ አንድ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ ይህ ቤት በፊቱ ለሚያልፈው ሰው ምን ይሆንለታል? የሚለው ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ በውስጡ ግን ከባድ ነገር ይዟል። የቤት ወሰን እስከ አጥሩ ድረስ ብቻ ነውን? ወይስ ባለቤቱ ከአጥሩ ውጭ ላለው ነገር ደግሞ ዕዳ አለበት? ዕዳ ካለበትስ መጠኑ እስከ ምን ድረስ ነው? የራሱ ልጆች ገና ሳይጠግቡ ለሌላው ሊያስብ ይገባዋልን? ይህን በባዶ ቃል እንዳናወራው ከደጋችን ወርደን፥ ሰውና ስደት ከሁለቱም ወገን ወደሚመላለስበት የሱዳን ጠረፍ፥ ወደ ገዳሪፍ እንሂድና ከዚያ ያለውን ቤት እንመልከት።

ገዳሪፍ ከመተማና ከጋላባት ወደ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በጥቁር ኮትቻ መሬት መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን ትባል ነበር፤ የአቡ ሲን ቤተ ሰብ ገበያ ማለት ነው። የአሁኑ ስሟ ከየት እንደ መጣ የአገሩ ሰዎች ሲናገሩ፦ ጉዳዩን የፈጸመ ይሂድ ከሚል የዐረብኛ አነጋገር ነው ይላሉ። በገበያው መጨረሻ ሰዓት ነጋዴው ሁሉ ዕቃውን ጠቅልሎ በጊዜ ወደ ቤቱ እንዲገባ እንዲህ ተብሎ ይነገር ነበር ይባላል። እንግዲህ ይህች ከተማ በስሟ የመሸጫና የመለወጫ ሥፍራ እንጂ የመቀመጫ ሥፍራ አልነበረችም።

ነገር ግን ሰው መጥቶ መኖር ጀመረ። በ1921 ዓ.ም. ገደማ ከካሰላ በገዳሪፍ አልፎ ወደ ሰናር የሚሄደው የባቡር ሐዲድ ተፈጸመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ፥ በ1937 ዓ.ም. ገደማ፥ እንግሊዞች ለሠራዊታቸው እህል ለማግኘት ብለው በአካባቢው በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የገዳሪፍ ማሽላና ሰሊጥ በሩቅ አገር የታወቀ ሆነ። ከምዕራብ ሱዳን፥ ከናይል ዳርና ከእኛም ደጋ ብዙ ሰው ለሥራ ወረደ። የጎንደርና የጭልጋ ገበሬዎች ለአጨዳ ወራት ቆላ ወርደው ሲመለሱ ወባ ይዘው እንደሚመለሱ፥ አንዳንዶቹም ጨርሰው እንደሚቀሩ የእኛ እናቶች ያውቃሉ። እንዲህ እያለ ጉዳዩን ፈጽሞ መሄድ የነበረበት ሰው ቤት ሠራ፥ ልጅ ወለደ፥ ጐረቤት ሆነ።

አሁን ቤቱን እንመልከት። የገዳሪፍ ቤተ ሰብ ቤት፥ የጭቃ ወይም የጡብ ቢሆን፥ ባለጠጋም ሆነ ድኻ የሠራው፥ ብዙውን ጊዜ ሆሽ በሚሉት ግቢ የተከበበ ነው። በግቢው ውስጥ ክፍሎቹ ተራርቀው ይቆማሉ፤ ሙቀቱ ጽኑ ስለ ሆነ ሰዎች በበጋ ሌሊት ከሰማይ በታች፥ አንገሬብ በሚሉት በእኛ የጠፍር አልጋ ዓይነት አልጋ ላይ ይተኛሉ። ለእንግዳ የሚሆነው ክፍል አቅም ባለው ሰው ቤት ለብቻው ነው፤ ብዙ ጊዜም በመንገዱ በኩል የራሱ በር አለው። ከዋናው በር ውጭ፥ በግንቡ ሥር፥ መስጠባ የሚባል የጭቃ መደብ ይሠራል፤ ወደ ማታ ሽማግሌዎች ከዚያ ላይ ይቀመጣሉ፥ የደከመው መንገደኛም ያርፍበታል።

ከመደቡም አጠገብ፥ ከኒም ዛፍ ጥላ ወይም ከትንሽ ዳስ በታች፥ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ እንስሮች በማስቀመጫቸው ላይ ቆመው ይታያሉ። የአገሩ ሰዎች እንስራውን ዚር ይሉታል፤ ለመንገደኛ የተቀመጠውን ውኃ ደግሞ ሰቢል ይሉታል፥ መንገድ ማለት ነው። ዚር የሚሠራው ካልተቀባ ሸክላ ነው። ውኃው በሸክላው ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየሰረገ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ነፋስ ሲነካውም ይተንናል፤ ሲተንም ከውስጥ የቀረውን ውኃ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በሚያዝያና በግንቦት፥ ሙቀቱ 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ በሚሆንበት ጊዜ፥ የእንስራው ውኃ የቀዘቀዘ ነው። በላይዋ መክደኛ አለ፥ ከአጠገቧም መጠጫ። ማን ጠጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር በደጋው አገር ልማድ አትመልከተው። በእኛ ዘንድ ምንጭ በየሸለቆው አለ፤ ለተጠማ ውኃ መስጠት እንደ ትልቅ ነገር አይቈጠርም። ገዳሪፍ ግን ውኃ ስለሚጐድላት ከድሮ ጀምሮ የታወቀች ከተማ ናት። ቧንቧው በማይደርስበትና በሚቋረጥበት ሠፈር ሰው ውኃውን በአህያ ጋሪ በርሜል ከሚያዞረው ሻጭ ይገዛል። እንግዲህ ያ በደጅ ያለው ውኃ በገንዘብ የተገዛ ውኃ ነው። የገዛው ሰው ልጆቹ ከሚጠጡት፥ ሚስቱ ከምታበስልበት ላይ ቀንሶ በደጁ ያኖረዋል፤ ስሙን የማያውቀው ሰው መጥቶ ይጠጣዋል፥ ሳያመሰግነውም ይሄዳል፤ ቤቱ የማን እንደ ሆነ አያውቅምና።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ከጭልጋና ከጎንደር ተራሮች የሚወርደው፥ እኛ ጓንግ ብለን የምንጠራው ወንዝ፥ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። ገዳሪፍም ከአትባራ ወንዝ ውኃ ትጠጣለች። ስለዚህ ከዚያች እንስራ የሚቀዳ ሰው፥ አንዳንድ ጊዜ የሚጠጣው በእኛ ጣራ ላይ የዘነበውን ዝናም ነው። ተራራው አጥር የለውም፤ ወንዙም ወሰን አይጠይቅም።

እንግዲህ ዐይናችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። በአዲስ አበባ ዳርቻ፥ በባሕር ዳርና በጎንደር ዙሪያ በዘመናችን የሚሠሩትን የቤተ ሰብ ቤቶች ያየ ሰው ምን ያያል? ግንቡ ከፍ ያለ ነው፤ በራሱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ወይም እሾሃም ሽቦ ተተክሎበታል። በሩ ብረት ነው። በጣራው ላይ ወይም በግቢው ጥግ ሮቶ ቆሟል። በውስጡ ወለሉ ያበራል። ከበሩ ውጭ ግን መንገዱ ጭቃ ነው፥ ቦዩ ተደፍኖ ይሸታል፥ ሌሊት መብራት የለም፥ የደከመ ሽማግሌ የሚያርፍበት አንዲት ድንጋይ እንኳ የለችም። ባለቤቱ በመኪናው ሆኖ ጭቃውን ያልፋል፤ በሩ ይከፈትለታል፥ በኋላውም ይዘጋል። ቤቴን ጨረስኩ ይላል።

በእውነት ጨርሷልን? ልብ ብለን ብንመለከት፥ ቤቱ ደኅና ሆኖ እንዲኖር የሚያደርጉት ነገሮች አብዛኞቹ ከአጥሩ ውጭ ናቸው። ሮቶው የሚሞላው በሠፈሩ ቧንቧ ነው። ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት፥ ሚስቱ ስታምጥ የምትወሰድበት መንገድ፥ እሳት ቢነሣ ባልዲ ይዞ የሚሮጠው ሰው፥ ሲሞት የሚቀብረው ዕድር፥ ይህ ሁሉ የሚገኘው ከግቢው ውስጥ አይደለም። በሽታም ቢሆን ግንብ አያግደውም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሱዳን ኮሌራ መነሣቱ በታወጀ ጊዜ፥ ከተያዙት አገሮች መካከል ካሰላና ገዳሪፍ ነበሩ። የአንድ ሠፈር መጸዳጃ በጎርፍ ሲሞላና ውኃው ሲበከል፥ ዝንቡ ወደ ባለጠጋው ወጥ ቤት ከመግባት አይከለከልም። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ነገር፦ የእኔ አይደለም የሚል ሰው፥ የቤቱን ግማሽ የእኔ አይደለም ማለቱ ነው።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። የሙሴ ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራውን ሰው፥ ከጣራው ላይ ሌላ ሰው ወድቆ እንዳይሞትና ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ጣራው የባለቤቱ ነው፤ የሚወጣበት እንግዳ ነፍስ ግን ለባለቤቱ ዐደራ ተሰጥታለች። ማርቲን ሉተርም በ1521 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1529፥ ባሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም ስለ ዕለት እንጀራ የሚለምነውን ጸሎት ሲያስረዳ፥ እንጀራ ማለት ምግብ ብቻ አለመሆኑን ያስተምራል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ቤትና እርሻ አለ፤ ሰላምና ጤና አለ፤ በመጨረሻውም አጠገብ ታማኝ ጐረቤቶች ተቈጥረዋል። ልጆች ሳለን ይህን በቃላችን አጥንተን እንደ ሆነ፥ ቤትንና ጐረቤትን በአንድ ልመና ውስጥ እንደምንጠይቃቸው እናስታውስ።

አሁን ግን ለጥያቄው ከባድ ወገን ፊታችንን እንስጥ። አንድ ሰው እንዲህ ሊለን ይችላል፦ ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለእኔ የተሰጡኝ ልጆቼ ናቸው። የራሱን ቤተ ሰብ ችላ ብሎ ለውጭ ሰው የሚሰጥ ሰው መልካም ስም ያገኝ ይሆናል፤ ልጆቹ ግን ይራባሉ። ለሁሉ የሚያዝን ሰው ለማንም አይበቃም። ይህ ንግግር የስስታም ንግግር ብቻ ነው ብለን ልንጥለው አይገባንም፤ እውነት አለበትና።

እንበልና በገዳሪፍ አንድ የቤት አባወራ አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የእኅቱ ቤተ ሰብ ከካርቱም ሸሽቶ መጣ፤ የእንግዳውን ክፍል ሰጣቸው። ከዚያ የሚስቱ ወንድም መጣ። ሰኔ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሰናር ክፍለ ሀገር ከተማ ሲንጃ በተያዘች ጊዜ፥ ብዙ አሥር ሺህ ሕዝብ በእግርና በመኪና ወደ ገዳሪፍ ጐረፈ፤ ትምህርት ቤቶቹ የስደተኛ ማደሪያ ሆኑ፥ በየጐዳናው ሰው በሸራ ሥር ተኛ። ክረምት ነበረና ዝናሙ ይወርድ ነበር። የዚህ ሰው ሥራ ቆሟል፤ የውኃው በርሜል ዋጋ ጨምሯል፤ ለስምንት ሰው የተሠራው ቤት ለሃያ አምስት ሰው ሆኗል። ታዲያ ማለዳ ተነሥቶ በደጁ ያለችውን እንስራ ባዶ ሆና ሲያያት፥ ሊሞላት ይገባዋልን?

እንደዚህ ያለውን ሰው ከሩቅ ሆኖ መስበክ አይገባም። እንኳንስ እንስራዋን ባዶ ቢተዋት፥ ገልብጦ ቢያስቀምጣትም ልንፈርድበት አንችልም። ነገር ግን እንስራዋ ራሷ ሦስት ነገር ታስተምረናለች።

አንደኛ፥ እንስራ ልክ አላት። ባለቤቱ በርሜሉን በሙሉ በመንገድ ላይ አያፈስም፤ እንስራዋ የምትይዘውን ያህል ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ለራስ ቤተ ሰብ ማሰብና ለመንገደኛ ማሰብ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ አይደሉም። ልጆች አስቀድመው ይምጡ፤ ተራ ማለት ግን ወሰን ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ተራ የልጆቼ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ከልጆቼ በቀር ተራ የሚደርሰው የለም ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የፊተኛውን እየተናገርን የኋለኛውን እናደርጋለን።

ሁለተኛ፥ የእንስራዋ ውኃ አስቀድሞ የተለየ ነው። ጋሪው መጥቶ በርሜሉ በተሞላ ጊዜ የመንገደኛው ድርሻ በማለዳ ይወጣል እንጂ ማታ የተረፈውን አይጠብቅም። የተረፈውን ለመስጠት የሚጠብቅ ሰው፥ ምንም ተርፎ እንደማያውቅ ሁላችን ከራሳችን ሕይወት እናውቃለን። ደመወዝ ከፍ ሲል ፍላጎትም አብሮ ከፍ ይላልና። በቤት ሥራ ያለውም ነገር እንደዚሁ ነው። ክፍሎቹ ሁሉ ከተጨረሱ በኋላ ስለ ደጁ አስባለሁ የሚል ሰው፥ ክፍሎቹን ሳይጨርስ ያረጃል።

ሦስተኛ፥ እንስራ ብቻዋን አትበቃም። በደጋው አገር፦ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ቀን ብር፥ በሦስተኛው ቀን መዳብ የሚል አነጋገር አለ። ይህ የክፋት አነጋገር አይደለም፤ የአንድ ቤት አቅም ምን ያህል እንደ ሆነ የሚናገር እውነት ነው። ታዲያ በአራተኛው ቀን እንግዳው ምን ይሁን? መልሱ ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ቀን የቤት ነው፤ አራተኛው ቀን የሠፈር ነው። ሱዳኖች ናፊር የሚሉት ነገር አላቸው፤ እኛ ደቦ እንለዋለን። አንዱ ሰው ብቻውን ሊያነሣው የማይችለውን ሸክም ጐረቤት ተጠራርቶ ያነሣዋል። በዚህ ጦርነትም ጊዜ ሱዳኖች በየሠፈራቸው ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ በአንድ ድስት ለብዙ ሰው የሚያበስሉበትን ማድ ቤት አቋቋሙ፤ ተኪያ ይሉታል። ማሽላው ከአንዱ፥ ምስሩ ከሌላው፥ ማገዶው ከሦስተኛው መጣ። ማንም ብቻውን ቢያደርገው ቤቱን ያፈርስ ነበር፤ ሁሉም አንድ ላይ ቢያደርጉት ግን የማንም ቤት አልፈረሰም።

ደግሞም መልካም ነገር ሥርዐት ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው በአንድ መጠጫ የሚጠጣባትና ያልተከደነች እንስራ፥ ኮሌራ ባለበት ዘመን፥ ከጥማት አድና በበሽታ ልትገድል ትችላለች። ስለዚህ ክዳንና እጀታው ረዥም የሆነ መቅጃ፥ በውኃው ውስጥም ክሎሪን ያስፈልጋታል። ፍቅር ሳይጠነቀቅ ቢቀር ይጐዳል። የሠፈር ውኃ፥ ቦይ፥ መጸዳጃና ጤና ጣቢያ የሚባሉት ነገሮች የመንግሥት ጉዳይ ብቻ ይመስሉናል፤ በእውነቱ ግን እነዚህ ነገሮች በሥርዐት የተደረጉ የጐረቤት ፍቅር ናቸው።

እስከ አሁን ስለ ሱዳኖች ተናገርን። አሁን ግን ነገሩ በራሳችን ላይ የሚመጣበት ሥፍራ ደረስን። ከገዳሪፍ በስተደቡብ ምሥራቅ፥ ወደ ጠረፉ አቅጣጫ፥ ኡም ራኩባ የምትባል ሥፍራ አለች። ራኩባ ማለት በእንጨትና በሣር የተሠራ ጥላ፥ ዳስ ማለት ነው፤ ስለዚህ የሥፍራው ስም ዳስ ያለባት፥ የዳስ እናት እንደ ማለት ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከእኛ አገር በጦርነትና በራብ የተሰደዱ ሰዎች ከዚያ ሰፈሩ። ከጎንደር በእግራቸው የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በዚያ ነበሩ፤ በመንገድና በሠፈሩ ብዙ ሺህ ሞቱባቸው፥ የቀሩትም ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ ሠፈሩ ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ግን፥ በጥቅምት መጨረሻ በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ከ60,000 በላይ ሰዎች ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ብዙዎቹ በሐምዳይት በኩል ተከዜን በጀልባ አቋርጠው ገቡ። ኡም ራኩባም እንደ ገና ተከፈተች፥ ከእርሷ ጋር ቱነይድባህ የሚባል ሌላ ሠፈር ተጨመረ። የርዳታው ድርጅት ሳይደርስ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች እንጀራቸውን ያካፈሉት የጠረፉ መንደር ሰዎች ነበሩ። እነርሱ ራሳቸው ባለጠጎች አልነበሩም፤ በዚያ ዓመት በሱዳን ዳቦና ነዳጅ በሰልፍ የሚገኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እንግዳ ተቀባዮቹ ራሳቸው እንግዶች ሆነው በጋላባት ድልድይ ወደ መተማ መጡ። በካርቱም ሰፊ ቤት የነበረው ሐኪም፥ መምህር፥ ነጋዴ፥ ሻንጣ ይዞ በፀሓይ ላይ ቆመ። በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ በተባሉ ሥፍራዎች በሸራ ድንኳን ሰፈሩ። ታዲያ እኛ ከደጃችን ምን አቆምንላቸው? መልካም ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በእነዚያ ሠፈሮች ላይ ተኩስ፥ ዝርፊያና ጠለፋ በረታ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ከአውላላ ወጥተው፥ እዚህ ለነፍሳችን እንፈራለን ብለው፥ በመንገድ ዳር በጫካው ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀመጡ። የአካባቢው ሕዝብ ራሱም በዚያ ዘመን በጦርነት ውስጥ ነበረ፥ እርሱም ይዘረፍና ይጠለፍ ነበር ብንል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ምክንያት ስናቀርብ፥ በ2013 ዓ.ም. እኛን የተቀበሉን ሰዎችም ምክንያት እንደ ነበራቸው አንርሳ።

ምክንያቱ ደግሞ ትንሽ አልነበረም። በዚህ ጠረፍ ላይ አሮጌ ደም አለ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ከተማይቱም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ያ ስደት በተነሣበት በ2013 ዓ.ም. ራሱ፥ አል ፋሽጋ በተባለው ለም መሬት ምክንያት የሁለቱ አገር ሰዎች በጠመንጃ ይፈላለጉ ነበር። በአንዱ ሥፍራ ስለ እርሻ ወሰን ሰው ይገደላል፤ ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ የዚያው አገር ሴት ለዚያው አገር ስደተኛ ውኃ ታቀርባለች። ማን ትክክል ነው ብሎ ስለ መሬቱ ሊከራከር የሚወድ ሰው ይከራከር፤ ወሰንን የሚለዩ መንግሥታት አሉ። እንስራዋ ግን ይህን ክርክር እስኪያልቅ አልጠበቀችም። የተጠማ ሰው የወሰኑ ጉዳይ እስኪቈረጥ ድረስ በሕይወት አይቈይምና።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ቤት የማን ነው? ቤት የባለቤቱ ነው፤ ይህን አንክድም። ደክሞ ሠርቶታል፥ ልጆቹን ያሳድግበታል፥ በሩን የመዝጋት መብት አለው። ነገር ግን ደጁ የእርሱ ብቻ አይደለም። በእኛ ቋንቋ የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ፦ የእግዜር እንግዳ ነኝ ይል ነበር፤ ባለቤቱም፦ ቤት ለእንግዳ ብሎ ያስገባው ነበር። ይህን አነጋገር ዛሬም እንናገረዋለን። ነገር ግን ግንቡ ከፍ ብሎ፥ በሩ ብረት ሆኖ፥ ደወሉም ሳይሰማ ሲቀር፥ አነጋገሩ በአፋችን ቀርቶ ነገሩ ከደጃችን እንዳይጠፋ እፈራለሁ።

ውድ አንባቢዎች፥ ሁላችን ቤታችንን ለሃያ አምስት ሰው እንክፈት ማለቴ አይደለም። ምናልባት ያ ቀን ይመጣብን ይሆናል፥ ወይም ምናልባት እኛው ሻንጣችንን ይዘን በሌላ ሰው ደጅ እንቆም ይሆናል፤ የገዳሪፍ ሰዎች ይህን አልጠበቁም ነበር። ዛሬ ግን ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የግንቡን ቁመት ሲለካ፥ ከግንቡ ውጭ አንድ ክንድ የሚያህል መደብ ለሽማግሌዎች ያስቀር። አንድ ዛፍ ከግቢው ውስጥ ቢተክል፥ ሁለተኛውን ጥላው በመንገዱ ላይ እንዲወድቅ አድርጎ ይትከል። ሮቶው ያለው ሰው ውኃ በተቋረጠ ጊዜ ለጐረቤቱ አንድ ጀሪካን የሚቀዳበትን ሰዓት ይወስን። በደጁ ያለው ቦይ ሲደፈን የቀበሌውን መምጣት ብቻ አይጠብቅ፤ ጐረቤቶቹን ጠርቶ በአንድ ቅዳሜ ይጥረገው። ዕድር ያለው ሠፈር ደግሞ በስብሰባው መካከል አንድ ጊዜ፦ ነገ ስደተኛ ቢመጣብን በአራተኛው ቀን ምን እናደርጋለን? ብሎ ይጠይቅ።

ቤት ሊከራይ የሚሄደውም ሰው ስለ ክፍሉ፥ ስለ ውኃውና ስለ ትምህርት ቤቱ ከጠየቀ በኋላ፥ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ከበሩ ውጭ ይቁም። የተቀመጠች እንስራ ወይም የተሠራ መደብ ቢያይ፥ በዚያ ሠፈር ሰው እንዳለ ይወቅ። ምንም ባያይ ግን አይመለስ፤ ቤቱን ይከራይ፥ የመጀመሪያዋንም እንስራ እርሱ ያቁማት።